የሀገሩን ምግብ በሀገሩ

ሰው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ ከሚሠራበት ከተማ ሲወጣ ሦስት ነገር መለወጥ ይሻል፤ አየር፣ ዕይታና ምግብ። ሁለቱን ፈጣሪ በቸርነቱ አዘጋጅቶ አስቀምጧቸዋልና ማንም ሊከለክለው አይችልም። ሦስተኛው ግን በሰው እጅ የሚሰናዳ ስለ ሆነ በሰው እጅ ይከለከላል። በሀገራችን ካሉት የመዝናኛ ቤቶች አብዛኞቹ አየሩንና ዕይታውን በዋጋ ሸጠው ምግቡን ከእንግዳው ይደብቃሉ። ተራራው የሀገሩ፣ ሐይቁ የሀገሩ፣ ወፉም የሀገሩ ሆኖ ሳለ በሳሕን ላይ የሚቀርበው ግን ማንም «የእኔ ነው» የማይለው፣ ከየትም ያልተወለደ ምግብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፦ ልማዱ የጣዕም ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ፣ የዕውቀትና የክብር ጕዳይ ስለ ሆነ መታረም ይገባዋል፤ የማረሙም ሥራ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የእኛ የመንግሥት ሠራተኞችና የመምህራን ፋንታ ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምረው። አዲስ አበባን እንደ መቀነት የከበቧት ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የዋና ከተማው ሰው ድካሙን ሊያራግፍ ሲፈልግ የሚወጣው በእነዚሁ በሮች ነው። በደሴ መንገድ የሚወጣ ለገጣፎን አልፎ የለገዳዲን ግድብ ያያል፤ ይህም ግድብ ዋና ከተማው የሚጠጣውን ውኃ የሚያጠራቅም ነው። በአምቦ መንገድ የሚወጣ በቡራዩ በኩል የገፈርሳን ውኃ ያገኛል። በጎጃም መንገድ የሚወጣ የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። በጅማ መንገድ የሚወጣውም ሰበታ ይደርሳል።

እነዚህ ቦታዎች የቤትና የፋብሪካ ሰፈር ብቻ አይደሉም። ከከተሞቹ ጀርባ ገብስ፣ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ከሱሉልታ እስከ ሰላሌ ያለው ምድር የወተት ሀገር ነው፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ወተት ብዙው በዚያ መንገድ ይመጣል። በሰበታ ደግሞ የብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማእከል ይገኛል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ለዕረፍት የተቀመጠው ሰው ምን ይቀርብለታል? ከውጭው ወገን በርገር፣ ፒሳና ክለብ ሳንድዊች፤ ከሀገሩ ወገን ጥብስና ጥሬ ሥጋ። ጭኮ አለ ወይ ቢል የለም፤ የገብስ ቂንጬ አለ ወይ ቢል የለም፤ ትኵስ አይብ አለ ወይ ቢል «ከክትፎ ጋራ ካዘዙ» ይባላል። እርጎ ሲጠይቅ በፋብሪካ የታሸገ፣ ስኳር የገባበት ይመጣለታል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ስለ ሌላ ነገር ነበር። የእኛ ላም ግን በሰማይ አይደለችም፤ ከመዝናኛው ቤት አጥር ማዶ ቆማ ሣር ትግጣለች። ወተቷን የማናየው አጥሩን ራሳችን ስለ ሠራን ነው።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ እውነቱን ልናገር። በእነዚሁ ከተሞች በየመንገዱ ዳር ባሉት ትንንሽ ቍርስ ቤቶች ጨጨብሳና ገንፎ ይገኛል፤ ያውም በጥሩ ቅቤ። ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ይህም የሚያስረዳን ነገሩ የማይቻል አለመሆኑን ነው። ሴቲቱ በአንድ ምድጃና በሁለት ድስት የምታደርገውን፣ ሃያ ሠራተኛና ሰፊ ወጥ ቤት ያለው ቤት ለምን ማድረግ አቃተው? መልሱ ዐቅም ማጣት አይደለም፤ ንቀት ነው። ይህን ቃል ያለ ማመንታት እጽፈዋለሁ።

ይህ በሽታ የዋና ከተማው ዙሪያ በሽታ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከአንደኛው ዳር፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ የመዝናኛ ቤት ሦስት ቀን ሰንብቼ ነበር። የምግቡ ዝርዝር ስምንት ገጽ ያህል ነበረው። አሳላፊውን ወጣት «የዚህ ሀገር ምግብ የላችሁም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው በፍጹም ትሕትና «ጋሼ፣ የባህል ምግብ ዐርብ ማታ ብቻ ነው» አለኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ ሃምሳ ርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሴቶች ከዚያው ሐይቅ የወጣውን ቆሮሶ በብረት ድስት እየጠበሱ ከዳጣ ጋራ ለዓሣ አጥማጆችና ለሾፌሮች ይሸጡ ነበር። ወጣቱን አልወቀስሁትም፤ የተነገረውን ነው የተናገረው። ነገር ግን ለመሆኑ ሲዳማው፣ ወላይታውና ኦሮሞው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምን ይበላል ይሆን? አንድ ሕዝብ በገዛ ሀገሩ በሳምንት አንድ ማታ ብቻ፣ ያውም ከዘፈንና ከጭፈራ ጋራ እንዲታይ ሲፈቀድለት፣ ምግቡ ምግብ መሆኑ ቀርቶ ትርኢት ሆኗል ማለት ነው።

የምንጠራበት ስምስ ቢሆን አይገሥጸንምን? በግንቦት 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» በተባለው እራት ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር እየተከፈለ ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳር ልማት ገንዘብ ተሰበሰበ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ «ገበታ ለሀገር» ተብሎ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ እንዲለሙ ታሰበ። ከዚያም «ገበታ ለትውልድ» ቀጠለ። ሦስቱም ታላላቅ ሥራዎች በገበታ ስም ተጠሩ፤ ስሙም ያማረ ነው፤ በእኛ ዘንድ ገበታ ማለት ዕንጨቱ ሳይሆን በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ነውና። መንገዱ ሲሠራ፣ ማረፊያው ሲታነጽ አይተናል፤ ደስም ብሎናል። አሁን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፣ በእነዚህ ገበታዎች ላይ የሚቀርበው የማን ምግብ ነው? የሚለው ነው።

ወንጪን እንውሰድ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው መካከል አንዷ ናት። በዚያ ተራራ ላይ እንሰት ይበቅላል፤ የወንጪም ማር ስሙ ከሀገር ውጭ ሳይቀር የተሰማ ነው። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ቆጮውን በዚያው ማር ሳይቀምስ፣ ከሩቅ የመጣ ማርማላታ በዳቦ ቀብቶ ቢመለስ ወንጪን አየ ማለት ይቻላልን? ሥዕሏን አየ እንጂ እርሷን አላየም።

ቀደም ሲል አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» በሚል ቃል ሀገራችንን ለዓለም አስተዋወቁ። በ2008 ዓ.ም. በዚያ ቃል ምትክ «ምድረ ቀደምት» የሚል መጥሪያ ወጣልን። ምድረ ቀደምት ነን የምንለው የሰው ዘር መገኛ በመሆናችን ብቻ አይደለም፤ ቡናና ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ከዚህ ምድር የተገኙ በመሆናቸው ጭምር ነው። እንግዲያውስ የምድረ ቀደምት ገበታ ከኋላ የመጣውን ብቻ ሲያቀርብ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው በእኛ ላይ ተፈጸመ።

አሁን የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት በየተራ ልመርምር።

የመጀመሪያው ምክንያታቸው «እንግዳው አይፈልገውም» የሚል ነው። ማን ጠይቆት? በዋሽንግተን ከተማ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች መከፈት ከጀመሩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል። በዚያ በእጁ እየቈረሰ የሚበላው አሜሪካዊ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንጀራ የሚፈራበት ምክንያት ምንድን ነው? የሀገራችን ጐብኚም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መምህር ክለብ ሳንድዊች ፍለጋ አልሄደም። የጋሞን ሰው ምግብ፣ ከበቆሎና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራውን ፎሰሴ ቢያገኘው ለተማሪዎቹ የሚያወራው አንድ ትምህርት ባገኘ ነበር። ያልቀረበለትን ነገር አልወደደውም ማለት ፍርድ ሳይሆን አድልዎ ነው።

ሁለተኛው «ንጽሕናው አያስተማምንም» የሚል ነው። ይህ ምክንያት መልካም ልብስ ለብሶ የሚመጣ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያምነዋል። ነገር ግን ንጽሕና የእጅና የዕቃ እንጂ የምግብ ዘር አይደለም። ባልታጠበ እጅ የተሠራ ፓስታ ያሳምማል፤ በታጠበ እጅ የተሠራ ማርቃ አያሳምምም። ለምርመራው የጤና ሹም አለ፤ ለትምህርቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ አለ። ጥሬ ሥጋ ያለ ፍርሃት የሚያቀርብ ቤት በፈላ ውኃ የተገነፋን ገንፎ «ለጤና ያሠጋል» ብሎ ሲነግረኝ ሳቄን መግታት ያቅተኛል።

ሦስተኛው «ጊዜ ይፈጃል፤ አያተርፍም» የሚለው ነው። ዶሮ ወጥ ጊዜ እንደሚፈጅ አልክድም። ሆኖም የሀገሩ ምግብ ሁሉ ዶሮ ወጥ ነውን? በሶ ከማንኛውም ሳንድዊች ይፈጥናል። ጭኮ፣ የተቈላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ብዙ ቀን ሳይበላሽ የሚቀመጥ፣ ለመንገደኛ የታሰበ ስንቅ ነው። ቂንጬ ለቍርስ፣ ቆሎ ለመጠጥ፣ ሽሮ ለምሳ ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ትርፉንም እንመልከት። ለውጭው ምግብ የሚያስፈልገው የታሸገ አይብ፣ የጣሳ ድልህና የፓልም ዘይት በውጭ ምንዛሪ ይገባል። የኑግ ዘይት የሚገኝበት ምድር ላይ ተቀምጠን ዘይት ከባሕር ማዶ እናስመጣለን። የገብሱ ዋጋ ግን ለጐረቤት ገበሬ ይከፈላል፤ የጐረቤት ገበሬም በዚያው ብር ልጁን ያስተምርበታል። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው የዋጋ ቍጥር አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው ብር መንደሩን ሲዞር ይውላል፤ ሁለተኛው በመጣበት ቀን ተነሥቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የጾሙን ነገር አንርሳ። ሀምሳው ካልሆነ በቀር በየሳምንቱ ረቡዕና ዐርብ የሚጾም ብዙ ሕዝብ ባለበት ሀገር፣ የጾም ምግብ ሲጠየቅ ድንች ጥብስ ብቻ ይዞ የሚመጣ ቤት አለ። ዓለም ሥጋ የሌለበትን ምግብ በብርቱ በሚፈልግበት በዛሬው ዘመን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የተፈተነ የጾም ወጥ ያለው ሕዝብ በዚህ ተራ መሆን ነበረበትን?

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ የረቀቀ ነው። «የባህል ምግብማ አለን፤ ክትፎ አለ፣ ጥብስ አለ፣ በያይነቱ አለ» ይላሉ። እውነት ነው፤ እነዚህም የእኛ ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ከመቀሌ እስከ ሞያሌ አንድ ዐይነት ዝርዝር ሲገለበጥ፣ የሀገር ምግብ መሆኑ ቀርቶ የማኅተም ሥራ ሆነ። ጥሕሎን በአጋሜ፣ ሁልበት መረቅን በሐረር፣ አንጮቴን በወለጋ፣ ቡርሳሜን በሲዳማ ያልበላ ሰው ወዴት ሄዶ ይብላቸው? ክትፎውም ቢሆን ባለቤት አለው፤ ጕራጌ ሀገር በትኵስ ቆጮ ሲቀርብ አንድ ነገር ነው፤ በሱሉልታ ብርድ ከቀዘቀዘ ዳቦ ጋራ ሲቀርብ ሌላ ነው። «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» የተባለውን ምሳሌ ባለሆቴሎቻችን ቢያስቡት እንዴት መልካም ነበር።

አምስተኛውን ጥያቄ የሚያነሡት የተማሩት ናቸው። «ለመሆኑ የእኛ የሚባለው የቱ ነው? በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ አይደለምን? በቆሎስ? ድንችስ? ፓስታውም ከጠላት ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ጊዜ ወዲህ በየቤታችን የሚበላ ሆኗል» ይላሉ። ታሪኩ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። አንድ ምግብ የአንድ ሀገር የሚሆነው ዘሩ በዚያ ስለ ተገኘ ብቻ ሳይሆን፣ የዚያ ሀገር ሰው ከራሱ ጋራ አዋሕዶ፣ ከሌላው ይልቅ አሳምሮ መሥራት ስለ ቻለ ነው። በርበሬ ከባሕር ማዶ መጣ፤ አዋዜን ግን የሠራች የእኛ እናት ናት። ስለዚህ እኔ «የውጭው ምግብ ይባረር» የሚል ሐሳብ የለኝም። ፓስታው ይቀመጥ፤ እንግዳው የሚያዝዘው ምርጫ ነው። የምጠይቀው፣ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ መቀመጫ አይጣ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መመልከት ይጠቅመናል። እነዚያ ደሴቶች በመዝናኛ የሚኖሩ ስለ ሆኑ ከእኛ ቀድመው ችግሩን ቀምሰውታል። በብዙዎቹ ደሴቶች ጐብኚው መኝታውን፣ ምግቡንና መጠጡን በአንድ ክፍያ አስቀድሞ ከፍሎ ከሆቴሉ ግቢ ሳይወጣ ይመለሳል፤ የሚበላውም ብዙ ጊዜ በመርከብና በአውሮፕላን የመጣ ነው። የአካባቢው መንግሥታት ማኅበር ይህን ስለ ተረዳ፣ ከውጭ ለሚገባ ምግብ የሚወጣውን ወጪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2025 ዓ.ም. በ25 ከመቶ ለመቀነስ አቅዶ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስም ግቡን ወደ 2030 አራዘመው። ይህ አንደኛው መንገድ ነው፤ ከገቡበት በኋላ ለመውጣት የሚያስቸግር መንገድ።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ አለ። በባርቤዶስ ኦይስቲንስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ዐርብ ማታ ዓሣ በአደባባይ ይጠበሳል፤ የሀገሩ ሰውና ጐብኚው በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። የደሴቲቱ ብሔራዊ ምግብ የሚባለው በራሪው ዓሣ የሚቀርበው ኩኩ ከሚባል የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ጋራ ሲሆን፣ ገንፎው በባሚያ የሚማሰል ነው። የቤኒሻንጉል እናት ይህን ብታይ «ይህማ የእኛ ነው» ትል ነበር። በጃማይካም ብሔራዊው ምግብ አኪ ከተባለው ፍሬና ከጨው ዓሣ ይሠራል፤ ፍሬው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ዓሣው ከሰሜን አትላንቲክ የመጡ ናቸው። ሁለት ስደተኞች በጃማይካ ድስት ተገናኝተው ጃማይካዊ ሆኑ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው ሕዝብ ከአፍሪካ በግፍ ተወስዶ፣ ስሙንና ቋንቋውን ተነጥቆ፣ ምግቡን ግን ያልተነጠቀ ሕዝብ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የሀይቲ ምሳሌ ነው። በባርነት ዘመን ዱባውን ተክሎ የሚያሳድገው፣ ሾርባውንም የሚሠራው ባሪያው ነበር፤ መብላት የተፈቀደው ግን ለጌታው ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1804 ዓ.ም. ነጻነታቸውን ሲያውጁ ያን የዱባ ሾርባ የነጻነት ምግብ አደረጉት፤ ዛሬም በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ቀን ይበሉታል። ዩኔስኮም በ2021 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እነዚህ ሰዎች የተከለከሉትን ምግብ በደም አስመለሱት። እኛ ማንም ሳይከለክለን፣ ማንም ጅራፍ ሳያነሣብን የገዛ ዱባችንን ለእንግዳ ማቅረብ እናፍራለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ለዚህ አይደለምን?

አንባቢ «ይህ ሁሉ ስለ ሆድ ነውን?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ከሆድ የሚበልጥ ነገር አለበት።

ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን መጥቶ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዐይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም ታላላቅ የዕፀዋት መገኛ ሥፍራዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ይህ ሀብት እንዳይጠፋ የዘር ማስቀመጫ ተቋቋመ፤ በዚያ የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸለሙ። ነገር ግን ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይኖርም፤ በድስትም ይኖራል። ገበሬው ለቆሎ የሚሆነውን ገብስ ለብቻ፣ ለበሶ የሚሆነውን ለብቻ፣ ለጠላ የሚሆነውን ለብቻ የሚዘራው የሚበላው ሰው ስላለ ነው። ቆሎውን የሚጠይቅ ሲጠፋ ዘሩም ከማሳው ይወጣል። ከማሳው ሲወጣም ስሙ ከቋንቋው ይጠፋል።

በከተሞቻችን ዙሪያ ደግሞ ጕዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ዛሬ በለገጣፎ ቤት የተሠራበት መሬት ትናንት ጤፍና ገብስ የሚዘራበት ነበር። ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ እኔም በዚያው ዕድገት የምኖር ነኝ። ነገር ግን መሬቱ ወደ ከተማ ለገባበት ቤተ ሰብ የቀረለት ሀብት ምንድን ነው? ከብቱ ተሸጠ፤ ማረሻው ተሰቀለ፤ የቀረው የእናቲቱ ዕውቀት ነው። ቅቤ ማንጠር፣ እርጎ ማጠን፣ ጩምቦ መጋገር፣ ቡና ቀላ ማዘጋጀት ታውቃለች። ልጇ በአቅራቢያው ባለው መዝናኛ ቤት ሥራ ስታገኝ ግን የምትቀጠረው ሳሕን ለማጠብ ነው። የማታውቀው ምግብ የተበላበትን ሳሕን ታጥባለች፤ የምታውቀውን ግን የሚጠይቃት የለም። ያችው ልጅ ከእናቷ የተማረችውን በደመወዝ ብታስተምር ኖሮ የወጥ ቤት ሹም በሆነች ነበር። ልብ ብሎ ለሚያየው፣ መሬት ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ያለ ካሳ ሲወሰድ የሚታየው በዚህ ነው።

የመንግሥት ሰዎች ምግብ ተራ ነገር ነው ብለው እንዳይንቁት አንድ ታሪክ ላስታውስ። ከሱሉልታም ከለገጣፎም አቅጣጫ አሻቅበን በምናየው በእንጦጦ ላይ፣ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ታላቅ ግብር አብልተው ነበር። ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ የጻፈው ጄምስ መካን ይህን ግብር መርምሮ፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣው የምግብ ሙያ በአንድ አዳራሽ የተሰበሰበበትና የሀገር ገበታ የተባለው መልክ የያዘበት ጊዜ አድርጎ ይቈጥረዋል። እቴጌይቱ በኋላም በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል አቋቋሙ። ገበታ የመንግሥት ጥበብ መሆኑን እርሳቸው ዐውቀውታል። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይተን እኛ ስንረሳው የሚያስተዛዝብ ነው።

እንግዲህ ነቀፌታ ያለ ምክር ከንቱ ስለ ሆነ፣ ሊደረግ የሚችለውን በአጭሩ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስብሰባና ሥልጠና በየመዝናኛው ቤት ያደርጋሉ። የሚያዝዙትም ቡፌ በየትም ቦታ አንድ ነው። ውል ሲፈርሙ «ቢያንስ ሁለት ምግብ የዚሁ ቦታ ይሁን፤ የሚሠራበትም እህል፣ ወተትና ማር ከዚሁ ወረዳ ይገዛ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ባለሆቴሉ ከማንም ቃል ይልቅ የሚሰማው የሚከፍለውን ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ባለሆቴሎች በምግብ ዝርዝራቸው መጀመሪያ ላይ «የቦታው ምግብ» የሚል አንድ ገጽ ያውጡ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። የምግቡን ስም የሀገሩ ሰው በሚጠራበት በራሱ ስም ይጻፉት፤ ከሥሩ ከምን እንደሚሠራ ይግለጡ። ጨጨብሳን «የባህል ቍርስ» ብሎ ዋጋውን ሦስት እጥፍ መስቀል ግን ዝርፊያ እንጂ ባህል አይደለም።

ሦስተኛ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸው የእናታቸውንና የአያታቸውን የምግብ አሠራር በጽሑፍ እንዲያመጡ ያድርጉ። መጠኑ በስንት ጣሳ፣ እሳቱ በምን ያህል፣ ቅመሙ መቼ እንደሚገባ ይጻፍ። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት አንድ ደብተር ቢያጠናቅር፣ የወረዳው ባህል ቢሮ መጽሐፍ አገኘ ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላልና ሥራው ማንንም አይከብድም።

አራተኛ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ አትፈሩ። ከጓደኛ ጋራ ስትዝናኑ በሶ ማዘዝ ኋላ ቀርነት አይደለም። ኋላ ቀርነት የሌላውን ሳያውቁ መናቅ ነው፤ ከእርሱ የሚብሰው የራስን ሳያውቁ ማፈር ነው።

በመጨረሻም ለዕረፍት የምንወጣ ሁላችን የምናደርገው አለ። በተቀመጥንበት ሁሉ «የዚህ ሀገር ሰው ምን ይበላል?» ብለን እንጠይቅ። ባይኖራቸው በትሕትና እንደገና እንጠይቅ፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እንጠይቅ። የሦስት ሰው ጥያቄ ወሬ ነው፤ የሦስት መቶ ሰው ጥያቄ ግን ገበያ ነው። ገበያ ሲሆን ወጥ ቤቱ ይሰማል፤ ወጥ ቤቱ ሲሰማ ከአጥር ማዶ ያለችው ሴት ትጠራለች፤ እርሷ ስትጠራ ገብሱ ይዘራል። አጥሩን የሠሩት ያላዘዝነውን አይተው ነው፤ የሚያፈርሱትም ያዘዝነውን አይተው ይሆናል።